ምዕራፍ ስድስት፦ ርካሽነቱን የተነጠቀ አየር መንገድ

ከመሳፈሪያው በር አጠገብ አንድ የብረት ሳጥን ቆሟል። ቁመቱ 45፣ ወርዱ 35፣ ጥልቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። የያዙት ቦርሳ እዚያ ውስጥ ከገባ በነፃ ይሳፈራሉ፤ ካልገባ ይከፍላሉ። ተሰላፊው ሁሉ ሳጥኑን በዓይኑ ጥግ እያየ ይጠጋል። አንዷ ሹራቧን ከቦርሳዋ አውጥታ ትለብሳለች፤ በላዩ ላይ ጃኬት ትደርባለች። ከተማዋ ግን ፎርት ላውደርዴል ናት፣ ወሩም ሐምሌ። ሌላው ቦርሳውን በጉልበቱ እየተጫነ ወደ ሳጥኑ ይጠቀጥቃል። የበሩ ሠራተኛ እጇን አጣምራ ትመለከታለች።

ዝም ብላ ግን አይደለም የምትመለከተው። የአሜሪካ ሴኔት አንድ ንዑስ ኮሚቴ በ2024 መገባደጃ ባወጣው ሪፖርት፣ ስፒሪትና ፍሮንቲየር የሚባሉት ሁለት አየር መንገዶች ከልክ ያለፈ ሻንጣ የያዘ መንገደኛ በር ላይ ለሚይዙ ሠራተኞች በ2022 እና በ2023 ብቻ 26 ሚሊዮን ዶላር ጉርሻ መክፈላቸውን ገልጿል።

ይህ ምዕራፍ ከሁለቱ ስለ አንዱ፣ በቢጫ አውሮፕላኖቹ ስለሚታወቀው ስለ ስፒሪት ነው። (ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስፒሪት የአሜሪካ የምሽት ኮሜዲያን ለዓመታት እንጀራ የበሉበት አየር መንገድ ነው። እየተሰደበ የሚሞላ። ዋሽንግተንና ሜሪላንድ አካባቢ ያለ ሐበሻም ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ ሁለት ሻንጣ በየ23 ኪሎው ጠቅጥቆ፣ በርበሬና ሽሮውን ይዞ የመጣ እንግዳ፣ ከባልቲሞር በቢጫው አውሮፕላን ዘመድ ጥየቃ ልሂድ ካለ ያንኑ ሻንጣ እንደ ሁለተኛ መንገደኛ ይከፍልበት ነበር፤ አንዳንዴም ሻንጣው ከባለቤቱ የበለጠ ያስከፍል ነበር።

ታዲያ ይህን ያህል የሚያስከፍል፣ ይህን ያህል የሚሞላ አየር መንገድ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የኪሳራ ፍርድ ቤት እንዴት ገባ? ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ “አገልግሎቱ መጥፎ ስለሆነ” የሚል ነው። እኔ አልስማማም። አገልግሎቱ በደጉም ዘመን መጥፎ ነበር፤ በዚያው መጥፎ አገልግሎት ነው ያተረፈው። የሆነው ነገር ሌላ ነው። ስፒሪት በዓለም ላይ ያለው ንብረት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ርካሽነቱ ነው። እሱን ቀሙት።

ሻንጣው ለምን ለብቻው ተሸጠ?

የስፒሪት የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ከጭነት መኪና ነው። በ1964 ሚሺጋን ውስጥ ክሊፐርት የተባለ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ተቋቋመ። በ1980ዎቹ ያው ድርጅት ቻርተር ዋን በሚል ስም ከዲትሮይት ቁማርተኛና ሽርሽረኛ ወደ አትላንቲክ ሲቲ የሚያጓጉዝ አስጎብኚ ሆነ። ስፒሪት የሚለውን ስም የያዘው በ1992 ነው፤ በ1999 ደግሞ ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ፍሎሪዳ፣ ሚራማር ወደምትባል ከተማ አዛወረ። እስከዚያ ድረስ ከሌላው የሚለየው ብዙ ነገር አልነበረም።

የለወጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ቢል ፍራንኪ ነው፤ ኢንዲጎ ፓርትነርስ በተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅቱ በኩል በ2006 አየር መንገዱን ተቆጣጠረ። ሌላው በዚያን ጊዜ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበረው ቤን ባልዳንዛ ነው። ባልዳንዛ ከኢኮኖሚክስ መምህር የማይተናነስ ሰው ነበር፤ ደንበኛ ሲያማርር ይቅርታ ከመጠየቅ ይልቅ ማስረዳት ይቀናው ነበር። ክርክሩ እንዲህ ነበር፦ ያለ ሻንጣ የሚጓዝ ሰው ባለ ሻንጣውን ለምን ይደጉማል? ውሃ የማይጠጣ ሰው የውሃ ዋጋ ለምን ቲኬቱ ውስጥ ይገባበታል? ሁሉም የተጠቀመበትን ይክፈል።

ክርክሩ የፍትሕ ይመስላል። ከጀርባው ግን ሦስት የሂሳብ ሚስጥሮች አሉ፤ አንባቢ እነዚህን ካልያዘ የኋላው ውድቀት አይገባውም።

የመጀመሪያው ስለ ባዶ ወንበር ነው። የጉልት ነጋዴ ማምሻውን ያልተሸጠ ቲማቲሟን በግማሽ ዋጋ ትሰጣለች፤ ከባሰም ለነገ ታሳድራለች። የአውሮፕላን ወንበር ግን አያድርም። በሩ ከተዘጋ በኋላ ባዶው ወንበር ለዘላለም ጠፍቷል፤ ነዳጁ፣ የአብራሪው ደመወዝ፣ የማረፊያው ክፍያ ግን ሞላም ጎደለም ያው ነው። ስለዚህ ወንበሩን በ40 ዶላርም ቢሆን መሸጥ ባዶውን ከማብረር ይሻላል፤ በተለይ የተቀመጠው ሰው ኋላ ላይ ሻንጣ፣ መቀመጫ መምረጫና መጠጥ የሚገዛ ከሆነ።

ሁለተኛው ሚስጥር ግብር ነው፤ ይህን ብዙ መንገደኛ አያውቀውም። የአሜሪካ መንግሥት በአገር ውስጥ በረራ ቲኬት ላይ 7.5 በመቶ ግብር ይጥላል። ግብሩ የሚያርፈው ግን በቲኬቱ ዋጋ ላይ እንጂ በሻንጣው ክፍያ ላይ አይደለም። 100 ዶላር በሙሉ ቲኬት ብሎ የሚሸጥ አየር መንገድ 7 ዶላር ከ50 ሳንቲም ግብር ያስከፍላል። ያንኑ 100 ዶላር 40 ቲኬት፣ 60 ሻንጣ ብሎ የከፋፈለ ግን ሦስት ዶላር ብቻ። በአንድ መንገደኛ አራት ዶላር ከ50 ሳንቲም ምንም አይደለም፤ በሚሊዮኖች ሲባዛ ግን አውሮፕላን ይገዛል። ሻንጣውን ከቲኬቱ የለየው የገበያ ብልሃት ብቻ እንዳልሆነ ልብ ይሏል፤ የግብር ሕጉ ራሱ ለይ እያለ ይገፋፋል።

ሦስተኛው ወጪ ነው፤ ዋናውም እሱ ነው። ቲኬት በርካሽ መሸጥ ማንም ይችላል፤ እየከሰረ። ቁም ነገሩ ወንበሩን በርካሽ ማምረት ነው። ስፒሪት ትልልቆቹ አየር መንገዶች 150 ገደማ ሰው በሚጭኑበት ኤርባስ ኤ320 ላይ 182 ወንበር ደረደረ። በወንበርና በወንበር መካከል ያለው ርቀት 71 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ ወንበሩም ወደ ኋላ አይለጠጥም ነበር። አውሮፕላኖቹ ሁሉ የአንድ ቤተሰብ፣ የኤርባስ ኤ320 ዓይነቶች ስለነበሩ አብራሪውም መካኒኩም መለዋወጫውም አንድ ነበር። አውሮፕላኑ በቀን ከ12 ሰዓት ያላነሰ አየር ላይ ይውል ነበር። እዚህ ላይ የሚኒባስ ታክሲ ባለንብረት ሳይነገረው የሚያውቀው ነገር አለ፦ መኪናው ቆሞ የዋለ ቀን ዕዳው አይቆምም። ገቢው የሚለካው በምልልስ ነው።

በ2010 ባልዳንዛ ማንም ያልደፈረውን ደፈረ። ከወንበር በላይ ባለው መደርደሪያ ለሚቀመጥ የእጅ ሻንጣ በር ላይ እስከ 45 ዶላር እንደሚያስከፍል አስታወቀ። ጉድ ተባለ። ሴናተር ቻክ ሹመር አምስት ትልልቅ አየር መንገዶችን አነጋግሮ “እኛ ይህን አናደርግም” የሚል ቃል አስገባቸው። ስፒሪት ግን ከነሐሴ 1 ጀምሮ ማስከፈል ጀመረ፤ በ2012 በር ላይ የሚከፈለውን ወደ 100 ዶላር አሳደገው። ሕዝቡ እየተሳደበ መግዛቱን ቀጠለ። በ2011 ድርጅቱ በ12 ዶላር አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ፤ በገበያው ላይ የተመዘገበበት መለያ በእንግሊዝኛ “ቆጥብ” የሚለው ቃል ነበር። በ2014 መጨረሻ ያው አክሲዮን ከ80 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ከአየር መንገዱ ገቢ ግማሽ ያህሉ ከቲኬት ውጭ የሚሰበሰብ ሆነ።

ስርቆቱ

ትልልቆቹ መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ ማስላት ጀመሩ።

ዴልታ በ2012 ስፒሪት በሚወዳደርባቸው ጥቂት መስመሮች ላይ “ቤዚክ ኢኮኖሚ” የሚባል ቲኬት ሞከረ። ወንበር አይመረጥም፤ ቲኬቱ አይለወጥም፤ ዋጋው ግን ከቢጫው አውሮፕላን ጋር ይስተካከላል። በ2017 አሜሪካን እና ዩናይትድም ተከተሉ። እንግዲህ አስቡት፤ ከዲትሮይት ወደ ፍሎሪዳ የሚሄድ ሰው ኢንተርኔት ከፍቶ ሁለት ተመሳሳይ ዋጋ ያያል። በአንዱ ወንበሩ ይለጠጣል፣ ኩኪ ይሰጠዋል፣ በረራው ቢሰረዝ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሌላ አውሮፕላን አለ። በሌላው ይህ ሁሉ የለም። ማን ሞኝ ነው?

ትልልቆቹ በዚህ ዋጋ ሸጠው አያከስራቸውም ወይ? ለብቻው ቢታይ ያከስራቸዋል። ነገር ግን ዴልታ በዚያ ዋጋ የሚሸጠው የኋላውን ጥቂት ወንበር ነው። ፊት ለፊት የተቀመጠው ነጋዴ የኋለኛውን ብዙ እጥፍ ከፍሏል። ከዚያ በላይ ደግሞ የክሬዲት ካርዱ አለ። ሰዎች ቡና ሲገዙ፣ ነዳጅ ሲቀዱ የበረራ ነጥብ የሚያጠራቅሙበትን ካርድ የሚያወጣው አሜሪካን ኤክስፕረስ በ2024 ለዴልታ 7.4 ቢሊዮን ዶላር ከፍሎታል። የአንድ ዓመት ብቻ ነው። ይህ ገንዘብ አንድም አውሮፕላን ሳይነሳ የሚገባ ገንዘብ ነው። ባለ ትልቅ ሱቅ ነጋዴ ጎረቤቱን የጉልት ሻጭ ለመጣል ሽንኩርቱን በኪሳራ ቢሸጥ ይችላል፤ ትርፉ ከፍሪጅና ከቴሌቪዥን ነዋ። የጉልቷ ሴት ግን ከሽንኩርት ሌላ የላትም።

ስርቆት ስል ወንጀል ማለቴ አይደለም፤ በገበያ ሕግ የተፈቀደ ስርቆት ነው። ባልዳንዛ የተጠቀመበትን የመበታተን ዘዴ መቅዳት ቀላል ነበር፤ ከስፒሪት ሊቀዳ የማይችለው ነገር ዝቅተኛ ወጪው ብቻ ነበር። በፍራንኪ በኩል እንኳ ያው መጽሐፍ ለሁለተኛ ጊዜ ታተመ፦ ኢንዲጎ በ2013 ከስፒሪት ወጥቶ በዚያው ዓመት ፍሮንቲየርን ገዛ፤ በስፒሪት ዘዴም ያካሂደው ጀመር። ሁለት ሻንጣ በነፃ መጫኑን እንደ ባንዲራ ሲያውለበልብ የኖረው ሳውዝዌስት ሳይቀር ከግንቦት 28 ቀን 2025 ጀምሮ ከአብዛኛው መንገደኛ የሻንጣ ዋጋ መቀበል ጀምሯል። በሐሳብ ደረጃ ባልዳንዛ አሸንፏል ማለት ይቻላል። ያሸነፈው ሐሳቡ ግን ድርጅቱን አልጠቀመውም።

ቢሆንም ስፒሪት በ2019 እንኳ 335 ሚሊዮን ዶላር የተጣራ ትርፍ ነበረው። ወጪው ገና ዝቅተኛ ነበርና። ያ የመጨረሻው ትርፋማ ዓመቱ ሆነ።

ከኮቪድ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልበለው። አብራሪ ጠፋ፤ ስለዚህም ተወደደ። የስፒሪት አብራሪዎች በጥር 2023 ባጸደቁት ውል ደመወዛቸው በአማካይ 34 በመቶ አደገ፤ ተገቢም ነው፣ ያው ኤ320 የትም ቢበር ያው ሙያ ነው። የፍሎሪዳ ሰማይ በበረራ ተጨናነቀ። በነሐሴ 2021 ነገሩ ተበጣጥሶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ2,000 በላይ የስፒሪት በረራ ተሰረዘ፤ ከዚያ ወዲህ መጠባበቂያ ሠራተኛና መጠባበቂያ ጊዜ መያዝ ግድ ሆነ። መጠባበቂያ ደግሞ ወጪ ነው። መንገደኛውም ተለወጠ፤ ገንዘብ ያለው ሰው ለሰፊ ወንበር መክፈል ለመደ፤ ገንዘብ የሌለው ደግሞ የኑሮ ውድነቱ ቤቱ አስቀመጠው።

በዚህ ላይ ሞተሩ መጣ። አዲሶቹ የኤ320ኒዮ አውሮፕላኖች የሚበሩበት የፕራት ኤንድ ዊትኒ ሞተር ነዳጅ ቆጣቢ ተብሎ የተወደሰ ነው። በሐምሌ 2023 ግን አምራቹ በሞተሩ ውስጥ ያሉ ዲስኮች የተሠሩበት የብረት ዱቄት ለዓመታት እንከን እንደነበረበት አስታወቀ። እንከኑ በጊዜ ብዛት ስንጥቅ ሊያመጣ ስለሚችል ሞተሮቹ ተፈትተው መመርመር ነበረባቸው፤ አንዱ ሞተር ጋራዥ ውስጥ እስከ 300 ቀን የሚቆይበት ሁኔታ ነበር። ከላይ ስለ ሚኒባሱ ያልኩትን ያስታውሱ። በአሜሪካ ከዚህ ሞተር ጋር በብዛት የተሳሰረው አየር መንገድ ስፒሪት ነበር። አውሮፕላኖቹ በደርዘን ተደርድረው ቆሙ፤ የኪራይ ሂሳባቸው ግን አልቆመም። አምራቹ ለ2024 ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ካሳ ለመስጠት ተስማማ። ካሳው ቁስሉን አላደረቀውም።

ሁለት ጠያቂዎች

በየካቲት 2022 ሽማግሌ የላከው ፍሮንቲየር ነበር። ሁለቱም የፍራንኪ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ኤርባስ ያበርሩ ነበር፤ ሁለቱም በር ላይ ሻንጣ ይለኩ ነበር። 2.9 ቢሊዮን ዶላር በሚገመት ስምምነት ሊዋሃዱ ተስማሙ። በሚያዝያ ጀትብሉ የተባለው ሌላ አየር መንገድ በጥሬ ገንዘብ የተሻለ አቀረበ። የስፒሪት ቦርድ መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ምክንያቱም ቦርዱ ራሱ መንግሥት ይህን ጋብቻ አይፈቅድም ብሎ ስለገመተ ነው። ባለአክሲዮኖቹ ግን ጥሬ ገንዘቡን አዩ። ሐምሌ 28 ቀን ከጀትብሉ ጋር የ3.8 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተፈረመ።

ጀትብሉ ስፒሪትን የፈለገው አውሮፕላኑንና አብራሪውን እንጂ ርካሽነቱን አልነበረም። ቢጫውን ቀለም ቀይሮ፣ ወንበሩን ነቅሎ ሰፋ አድርጎ ሊያበርር ነው ያሰበው። የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ውህደቱን ለማስቆም በመጋቢት 2023 ከሰሰ። በክሱ ላይ የጠቀሰው የሁለቱን አየር መንገዶች የራሳቸውን የውስጥ ሰነዶች ነው፦ በስፒሪት ሰነድ መሠረት ስፒሪት አንድ መስመር ላይ ሲገባ ዋጋ በአማካይ 17 በመቶ ይወርዳል፤ በጀትብሉ ሰነድ መሠረት ደግሞ ሲወጣ 30 በመቶ ይጨምራል። አንድ ጠበቃ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይመኝም።

ጥር 16 ቀን 2024 የቦስተኑ ዳኛ ዊልያም ያንግ በ109 ገጽ ውሳኔ ውህደቱን አገዱ። ዳኛው ስፒሪት ትንሽ አየር መንገድ ቢሆንም የሚወዱት ሰዎች እንዳሉ ጻፉ፤ ዋጋ ለሚቆጥሩ መንገደኞች መኖሩ ይጠቅማል አሉ፤ ውሳኔያቸውንም ለእነዚያ ደንበኞች አበረከቱ። በዚያ ቀን የስፒሪት አክሲዮን 47 በመቶ ወደቀ።

ይህ ውሳኔ ዛሬም ያከራክራል። የአየር መንገዱ ዓለም ሰዎች “ዳኛው ስፒሪትን ገደሉት” ይላሉ። እኔ ውሳኔውን ደግሜ ሳስበው፣ ዳኛው ስፒሪት ለሌላው መንገደኛ ስለሚሠራው ሥራ ያሉት ትክክል ይመስለኛል። በስፒሪት ያልበረረ፣ በስፒሪት አልበርም ብሎ የማለ ሰው እንኳ የስፒሪትን ትሩፋት በዴልታ ቲኬቱ ላይ ሲበላ ኖሯል። ያልታያቸው ግን ይህ ድርጅት ለብቻው ቆሞ መቀጠል መቻል አለመቻሉ ነው። ጥፋቱ ከሁሉ በፊት በ2022 ፍሮንቲየርን ገፍተው ትልቁን ጥሎሽ የመረጡት ባለአክሲዮኖች ነው። ገንዘባቸውን በከፊል ጀትብሉ አስቀድሞ እየከፈላቸው ስለነበር ባዶ እጃቸውን አልቀሩም፤ ድርጅቱ ግን በስምምነቱ መበተን ያገኘው 69 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ “ነገ እሸጣለሁ” እያለ ቤቱን ሳያድስ የቆየ ሰው ሆነ።

ዋሱ ሲሸሽ

አየር መንገድ የሚሞትበትን መንገድ አንባቢ ከጠየቀኝ፣ ትርፍ በማጣት አይደለም እላለሁ። ትርፍ አጥተው አሥርተ ዓመታት የኖሩ ሞልተዋል። የሚሞተው ጥሬ ገንዘብ ያለቀ ዕለት ነው። ጥሬ ገንዘቡን ደግሞ የያዘው እንግዳ የሆነ ሦስተኛ ወገን ነው።

በጥር ወር ለሰኔ በረራ ቲኬት ሲገዙ ገንዘቡ ከካርድዎ ይወጣል፤ አገልግሎቱን ግን ገና አላገኙም። አየር መንገዱ በመካከሉ ቢዘጋ ገንዘብዎን የሚመልስልዎት የካርድ ክፍያውን የሚያስተላልፈው ባንክ ነው። ባንኩ ሳይፈልግ የአየር መንገዱ ዋስ ሆኗል ማለት ነው። ዋስ ደግሞ የተበዳሪው ፊት ሲገረጣ መያዣ ይጠይቃል፤ “በረራው እስኪፈጸም የቲኬቱን ገንዘብ እኔ ዘንድ ላቆየው” ይላል። ይህ የሚመጣው ሁልጊዜ አየር መንገዱ ገንዘቡን አብልጦ በሚፈልግበት ሰዓት ነው። ስፒሪት በ2024 ይህ ገጠመው። በበረራ ነጥብ ፕሮግራሙ ዋስትና የተበደረው 1.1 ቢሊዮን ዶላር በመስከረም 2025 የሚከፈል ነበር፤ ክፍያ አስተላላፊው ደግሞ ይህን ዕዳ ካላራዘማችሁ ውላችንን አላድስም አለ። ቀነ ገደቡ በመስከረም ነበር፤ ወደ ጥቅምት፣ ከዚያም ወደ ታኅሣሥ ተገፋ።

ድርጅቱ የሚሸጠውን ሸጠ። የኤርባስ ርክክቡን ወደ 2030ና 2031 ገፋ፤ 23 አሮጌ አውሮፕላን በ519 ሚሊዮን ዶላር ለመሸጥ ተዋዋለ፤ አብራሪ ቀነሰ። ኅዳር 18 ቀን 2024 ግን ኒው ዮርክ ላይ “ቻፕተር ኢለቨን” ገባ። ከ2020 ጀምሮ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከስሮ ነበር። ቤን ባልዳንዛ ይህን አላየም፤ በዚያው ወር መጀመሪያ በ62 ዓመቱ አርፏል።

ቻፕተር ኢለቨን የሚለው ስም ሲሰማ “ተዘጋ” ማለት ይመስላል። አይደለም። ዩናይትድ በ2002፣ ዴልታ በ2005፣ አሜሪካን በ2011 ገብተው ወጥተዋል። ፍርድ ቤቱ አበዳሪዎችን “ለጊዜው እጃችሁን ሰብስቡ” ይላል፤ ድርጅቱ እየበረረ ውሉን ይደራደራል። ሕጉ ለአየር መንገድ የሚሰጠው ትልቁ መሣሪያ ውድ የሆነ የአውሮፕላን ኪራይ ውልን ማፍረስ መቻሉ ነው። ስፒሪት በመጀመሪያው ዙር በዚህ መሣሪያ አልተጠቀመም ማለት ይቻላል። 795 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ወደ አክሲዮን ቀየረ፣ 350 ሚሊዮን አዲስ ካፒታል አገኘ፣ በድጋሚ የመጣውን ፍሮንቲየርን መለሰ፣ መጋቢት 12 ቀን 2025 ወጣ። አራት ወር እንኳ አልሞላም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ወደ ላይኛው ወንበር

በዚህ መካከል ድርጅቱ ሌላ ሰው ለመሆን ሞከረ። በግንቦት 2024 ቲኬት ለመለወጥና ለመሰረዝ ይጠይቅ የነበረውን ክፍያ አነሳ። በነሐሴ ቲኬቱን በአራት ደረጃ መሸጥ ጀመረ። ከሁሉ በላይ ያለው ፊት ለፊት ሰፊ ወንበር፣ የእጅ ሻንጣ፣ የሚጫን ሻንጣ፣ ዋይፋይ፣ መክሰስና አልኮል ሳይቀር በአንድ ዋጋ የያዘ ነበር። ቀጥሎ ያለው ደግሞ የመካከለኛው ወንበር ባዶ የሚቀርበት። በ2025 ስሞቹ ተለውጠው አንደኛ ማዕረግና “ፕሪሚየም ኢኮኖሚ” ተባሉ።

ምጸቱ አይን ያወጣል። ዕቃውን ሁሉ በታትኖ በመሸጥ የአሜሪካን አየር መንገዶች ያስተማረው ድርጅት እንደገና ጠቅልሎ መሸጥ ጀመረ። ትልልቆቹ ወደ ታች ወርደው ርካሽነቱን ሲወስዱበት እሱ ወደ ላይ ወጥቶ ምቾታቸውን ሊወስድ ነው። ሐሳቡ በራሱ ሞኝነት የለበትም፤ ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው። ነገር ግን ምቾት የሚገዛ መንገደኛ ወንበር ብቻ አይገዛም። በረራው ቢሰረዝ የሚቀጥለውን፣ ማረፊያ ሳሎኑን፣ በካርዱ ያጠራቀመውን ነጥብ ጭምር ነው የሚገዛው። ለ15 ዓመት የኮሜዲያን መሳለቂያ የነበረን ስም በሰፊ ወንበር ብቻ ማንም አይለውጠውም። ባዶ የሚተው የመካከል ወንበር ደግሞ 182 ሰው በማሳፈር ለተሠራ ሂሳብ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።

ቁጥሩ ወዲያው ተናገረ። ስፒሪት በመጀመሪያው ኪሳራ ጊዜ ለፍርድ ቤቱ ባቀረበው ዕቅድ በ2025 የ252 ሚሊዮን ዶላር ትርፍ እንደሚያገኝ ተንብዮ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ። ከመጋቢት 13 እስከ ሰኔ መጨረሻ ባለው ጊዜ ብቻ ወደ 257 ሚሊዮን ዶላር ከሰረ። የትንበያውን ትርፍ ያህል፣ በተቃራኒው፣ በሦስት ወር ተኩል።

በሚያዝያ አዲስ ዋና ሥራ አስፈጻሚ፣ ከሰን ካንትሪ አየር መንገድ የመጣው ዴቭ ዴቪስ፣ ሥራውን ተረክቦ ነበር። በነሐሴ መጀመሪያ ድርጅቱ በሥራ ላይ መቆየቱ እንደሚያጠራጥር ራሱ ለተቆጣጣሪዎች አሳወቀ፤ ዋሱም እንደገና ተጨማሪ መያዣ ጠየቀ። ነሐሴ 29 ቀን 2025 ለሁለተኛ ጊዜ ፍርድ ቤት ገባ። በዚህኛው ዙር መጀመሪያ ያልተነካው ተነካ፤ የአውሮፕላን ኪራይ ውሎች መፍረስ ጀመሩ፣ ከ214 አውሮፕላን ወደ 100 የሚጠጋውን ለመተው ዕቅድ ወጣ። የኅዳር በረራ በሩብ ተቆረጠ። 1,800 የበረራ አስተናጋጆች ከታኅሣሥ 1 ጀምሮ ያለ ደመወዝ እንዲቆዩ ተነገራቸው። በእርግጥ ትንሽ ሆኖ መትረፍ የሚቻል ነገር ነው፤ ችግሩ አውሮፕላን ሲቀንስ የዋና መሥሪያ ቤቱ፣ የኮምፒውተሩና የጥገናው ወጪ በቀሩት ወንበሮች ላይ መከፋፈሉ ነው። የስፒሪት ወንበር ዱሮ የረከሰው ብዙ ስለነበረ ነው።

የዩናይትድ አለቃ ስኮት ከርቢ ስፒሪት እንደሚዘጋ በአደባባይ ተናገረ፤ እንዴት አወቅህ ሲባል ሂሳብ እንደሚችል ገለጸ። ዩናይትድም በስፒሪት ከተሞች ተጨማሪ በረራ አስታወቀ። ፍሮንቲየር ግን ቀድሞት ነበር። በ2022 ሽማግሌ ልኮ የተገፋው፣ በ2025 መጀመሪያ ተመልሶ መጥቶ እንደገና እምቢ የተባለው ፍሮንቲየር፣ ብዙዎቹ በስፒሪት ደጃፍ ያሉ 20 አዳዲስ መስመሮችን ይፋ ያደረገው ነሐሴ 26 ቀን 2025 ነው። ስፒሪት ለሁለተኛ ጊዜ ፍርድ ቤት ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር።